የማታርፈው እጄ

ሰኞ 3

ፊዚዮቴራፒስቷ «ግራ እጅዎ እንዲለምድ በየቀኑ ይጻፉ፤ ምንም ይሁን፣ ብቻ ይጻፉ» ብላኛለች። ይኸው። ፊደሌ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ማንም አያነበውም፤ ቢያነበውም ዓይኑ ነው የሚንሸዋረረው።

ዛሬ ልጄ ቀበቶውን ክንዴ ላይ አሰረችልኝ። የሆስፒታሉ የተሃድሶ ክፍል ኢንጂነር ናት፤ ይሄን ነገር የሠራችው እሷ ናት። አልትራሳውንድ ነው፤ ያው የነፍሰ ጡር ሆድ ላይ የሚያደርጉት። የልጄ ግን የክብሪት ቀፎ ታክላለች፣ ቀበቶ ውስጥ ተሰፍታ ክንድ ላይ ትታሰራለች። ቀኝ እጄን ከክርኔ በታች መኪና ከወሰዳት ሁለት ዓመት ሆነ፤ የሚያንቀሳቅሳት ጡንቻ ግን ከቆዳዬ ሥር እንዳለ አለ። ልጨብጥ ብዬ ሳስብ ጡንቻው ይንቀሳቀሳል፣ ቀበቶው ያየዋል፣ ኮምፒውተሩ ይረዳዋል፣ ጉቶዬ ላይ የተገጠመው ሰው ሰራሽ እጅ ይጨብጣል። ለባለቤቴ እንዲህ ብዬ ባስረዳት «ታዲያ ወንድ ነው ሴት?» አለችኝ።

ማሽኑ እንዲማር ልጄ ሦስት ነገር ታዘኛለች። ክፈት። ጨብጥ። እረፍ። ደግሞ እንደገና። እሷ ስክሪኑን ታያለች፣ እኔ ግድግዳውን። መክፈቱና መጨበጡ ላብ ያስወጣል፤ ማረፉ ግን ለእኔ ጨዋታ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቆሜ የሰው ፀጉር ሳስተካክል የኖርኩ ሰው ነኝ። በሥራ መሃል እንዴት እንደሚታረፍ ማንም አያስተምረኝም።

ከእኔ ሌላ ሦስት ሰዎች አሉ፤ አንድ ሾፌር፣ አንድ አስተማሪና አንዲት ተማሪ። በወሩ መጨረሻ ኮሚቴ መጥቶ አራታችንንም ያያል። ካመነበት ሥራው ይቀጥላል። ካላመነበት ይዘጋል፤ ልጄ ወደ ዕቃ ጥገና ትመለሳለች፣ እጁም ወደ ካርቶኑ።

ማክሰኞ 4

ብርጭቆ አነሳሁ። በቀኜ። አላለቀስኩም። ልጄም አላለቀሰችም፤ አፍንጫዋን ያበሰችው ጉንፋን ይዟት ነው።

ሐሙስ 6

ብርጭቆው ወደቀ። ደግመን ሞከርን፣ ደግሞ ወደቀ። የፕላስቲክ በመሆኑ ተመስገን። እጁ ቆንጆ አድርጎ ይይዝና፣ እኔ ምንም ሳልለው፣ መሃል ላይ ብርግድ ብሎ ይከፈታል። ልጄ «ጄሉ ደርቆ ይሆናል» ብላ ጄል ጨመረች። ቀበቶው ቆዳዬን የሚያየው በዚያ በሚያሟልጭ ነገር በኩል ነው። ጨመረችም አልጨመረችም ያው ነው።

በመኪናዋ ስትመልሰኝ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታ ደግሞ ለእኔ አይሆንም፣ የሙያዬ ተቃራኒ ነው።

ቅዳሜ 8

ሱቅ ሄድኩ። ፀጉር ቤቱን አሁን የሚይዘው ሸሪኬ ነው። እኔ ነኝ ያስተማርኩት፤ «ጋሼ» ይለኛል፣ ያከብረኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሄጄ ከኋላው እቆምለታለሁ። ለእሱ ብዬ ነው፣ ብቻውን ይከብደዋል።

መቀስ አያያዙ አሁን የእኔን ይመስላል። ቆረጥ ያደርግና፣ ቀና ብሎ መስታወት ሲያይ፣ መቀሱን በአየር ላይ በባዶው ጭ ጭ ያደርጋል። የፀጉር አስተካካይ መቀስ ዝም ማለት የለበትም። ዝም ካለ ደንበኛው «ምን አበላሸ?» ብሎ ይሰጋል። ይሄንንም እኔ ነኝ ያስለመድኩት።

«ጆሮው ጋ ዝቅ አድርገው» አልኩት። ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ።

ወንበሩ ላይ የነበረው ደንበኛ በመስታወቱ እያየኝ «ጋሼ፣ ክንድዎ ይንቀጠቀጣል እኮ፤ ብርድ መታዎት እንዴ?» አለኝ። አዎ ብርድ ነው አልኩት።

ማክሰኞ 11

ሁለት ቴክኒሻኖች በረንዳ ላይ ቆመው ሲያወሩ ሰማሁ። ከኋላቸው መሆኔን አላወቁም።

«በሦስቱ ላይ እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው። የአባትየው ብቻ ነው እምቢ ያለው።»

«ሰው ጠፍቶ ነው አባቷን ያስገባችው?»

ሰው ጠፍቶ አይደለም። ወረፋ ጠብቄ፣ ዶክተሯ መርምራኝ ነው የገባሁት። ልሄድና ልነግራቸው ነበር፤ ተውኩት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የሁለቱም ራስ ከመሃል መመለጥ ጀምሯል፤ ከኋላ ሆኜ አይቼዋለሁ። እነሱ ገና አላወቁም። ቀኑን ሙሉ ያጽናናኝ ይሄ ብቻ ነው።

ዓርብ 14

ቀበቶ ቀየረች። ወደቀ። ገመድ ቀየረች። ወደቀ። «የክንድህ ፀጉር ይሆናል የሚያስቸግረው» ብላ ላጨችኝ። ምላጭ አያያዟን አርሜ ነው የተላጨሁት። ወደቀ።

ሾፌሩ አጠገቤ ተቀምጦ የመኪና ቁልፍ ከኪሱ ያወጣል፣ ይከታል። ሲሰለቸው ሰላም ሊለኝ እጁን ዘረጋ። ሰው ሰራሽ ለሰው ሰራሽ ተጨባበጥን። የእሱ ያዘ፣ የእኔ ለቀቀ። «አይዞን ጋሼ» አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ ግን በዚህ ሳምንት አይዞህ ያላለኝ ሰው ቢኖር የሆስፒታሉ ዘበኛ ብቻ ነው።

እጅ አልሰጥም። አንዱን ሰጥቻለሁ፣ ይበቃል።

እሑድ 16

ጠዋት ባለቤቴ ጎኗን እያሻሸች ተነሳች። «ሌሊቱን ሙሉ ስትጎስመኝ አደርክ። ይሄ ጉቶህ እንቅልፍ የለውም?»

«ልምምድ ነው» አልኳት።

«ተኝተህ?»

«ጎበዝ ተማሪ በእንቅልፉም ያጠናል።»

«አንተ ደግሞ መልስ አታጣም» ብላ ሄደች። እውነቷን ነው። መልስ አላጣም። ያጣሁት ሌላ ነገር ነው።

ቤቱ ጸጥ ሲል ብዙ አሰብኩ። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ እያለ የፀጉር መቁረጫ ቶንዶሴን ብሎን በብሎን ፈትታ ጠረጴዛ ላይ በትናው አገኘኋት። ሰፈር እስኪሰማ ጮህኩባት። አልደነገጠችም፤ «አባዬ ቆይ» ብላ ገጥማ ሰጠችኝ። ስከፍተው፣ ለዓመታት የነበረው የመንጫረር ድምፅ ጠፍቷል። ያን ሰሞን ወንበሬ ላይ ለተቀመጠ ሁሉ አወራሁ። ለሷ ብቻ አልነገርኳትም። ምን ብዬ? ልጅ በፊቱ ከተመሰገነ ይቀብጣል ይባል ነበር።

አሁን ይህቺ ልጅ እጅ ሠርታለች። ሰው ሳይነካው በሐሳቡ የሚያንቀሳቅሰው እጅ። ሦስት ሰው ላይ እንደ ሰዓት ይሠራል። አራተኛው እኔ ነኝ፤ በአባቷ ክንድ ስሟ ሲወድቅ ቁጭ ብዬ ማየት አልችልም። ነገ ለዶክተሯ ስሜን ሰርዢው እላታለሁ። ለልጄ አልነግራትም።

ሰኞ 17

ዶክተሯ እስክጨርስ ሰማችኝና «እርስዎን ደብቀን ሦስቱን ብቻ ብናሳይ ውሸት ነው የሚሆነው። ደግሞም ልጅዎ አትለቀኝም» አለች።

ለልጄ እንደማትነግር አስምያት ነበር። ሐኪም እንዲህ ምስጢር የሚያወጣ አልመሰለኝም። ገና ደረጃውን ሳልጨርስ ልጄ ደረሰችብኝ።

«ሦስት ሰው ላይ ብቻ የሚሠራ እጅ አልሠራሁም» አለችኝ።

«ልጄ፣ በእኔ ምክንያት…»

«አባዬ፣ በቃ። ነገ ጠዋት ና።»

ስታዝ ቁርጥ እናቷን ናት። እሺ አልኩ።

ማክሰኞ 18

የዛሬውን በሥርዓት ልጻፈው። ግራ እጄ ይድከም።

ልጄ እስከ ዛሬ ለሷ ብቻ ይታይ የነበረውን ስክሪን ወደ እኔ አዞረችው። «አብረን እንየው» አለች። የክንዴ ውስጥ ግራጫ ነው፤ ንብርብር ነው፣ ነጫጭ መስመር አለው። «ክፈት» ስትለኝ አንዱ ንብርብር ተንሸራተተ። «ጨብጥ» ስትለኝ ሌላው ወፈረ። የሌለች እጄ ሥራ ላይ መሆኗን በዓይኔ አየሁ። እጄን በአፌ ያስጫነኝ ነገር ነው፤ ለዚያውም ያለችኝን አንዷን።

«እረፍ» አለችኝ።

አረፍኩ። ስክሪኑ ግን አላረፈም። ንብርብሮቹ ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ ይላሉ።

«አባዬ፣ እረፍ አልኩህ እኮ።»

«አርፌያለሁ።»

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ምንም። እያረፍኩ ነዋ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

ጠጋ ብዬ አየሁት። ሁለት ፈጣን፣ አንድ ቆም። ሁለት ፈጣን፣ አንድ ቆም። ይሄን ምት ጨለማ ቤት ውስጥ ብሰማው አውቀዋለሁ።

«መቀሴ ነው» አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ እረፍት የምለው እጅ አንጠልጥሎ መቀመጥን አይደለም። ቆርጬ ቀና ስል፣ መስታወት ሳይ፣ የደንበኛ ወሬ ስሰማ፣ እጄ መቀሱን በባዶው ታንጫጫለች። ያ ነው እረፍቴ። እጄ ሄዳም መቀሱን አልጣለችውም። ልጄ እረፍ ባለችኝ ቁጥር እኔ ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ሳደርግ ከርሜያለሁ። ማሽኑ ምን ያድርግ? እረፍት ማለት ይሄ ነው ብሎ ተማረ። መክፈትና ማረፍ ስለተምታታበት ብርጭቆውን ይዞ ሳለ ይከፍትብኛል።

መጀመሪያ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ቀጥሎ ራሷን ይዛ «የክፈትንና የጨብጥን ምስል ዓይኔ እስኪጠፋ አይቻለሁ። የእረፍን አንድ ቀን ከፍቼ አላየሁም። ማረፍ ምኑ ይታያል ብዬ» አለች።

«እኔም አልነገርኩሽም።»

«አንተማ አላወቅህም።»

አላወቅሁም። ሚስቴ ጎኗ እየተጎሰመ፣ ደንበኛው በመስታወት እያየኝ፣ እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅሁት። ቢሆንም ልቤ ቅቤ ጠጥቶ ነው ወደ ቤት የገባሁት። ጥፋቱ ተገኘ። ከነገ ጀምሮ አርፋለሁ፣ አለቀ።

ሐሙስ 20

አላለቀም።

ትናንት ቀኑን ሙሉ፣ ዛሬም ቀኑን ሙሉ። እረፍ ትለኛለች፣ እጄን አቁሚ እላታለሁ፣ ለትንሽ ጊዜ ቆማ ትጀምራለች። አቁሚ ባልኳት ቁጥር ይብስባታል። ሙዚቃ ከፈተችልኝ፤ በሙዚቃው ምት ቆረጥኩ። በረጅሙ ተንፍስ አለችኝ፤ እየተነፈስኩ ቆረጥኩ።

«እሺ አባዬ፣ ሱቅ ውስጥ መቀሱን የምታስቀምጠው መቼ ነበር?»

«የመጨረሻው ደንበኛ ሲሄድ።»

ስክሪኑን እያየች፣ ቀስ ብላ፣ «አባዬ፣ የመጨረሻው ደንበኛ ሄዷል» አለችኝ።

ቀበቶውን በግራዬና በጥርሴ ፈትቼ ወጣሁ። ጄሉ ክንዴ ላይ እንዳለ፣ በእግሬ ቤት ድረስ።

እሑድ 23

ዓርብ አልሄድኩም። ትናንትም ሱቅ አልሄድኩም። ልጄ ደወለች፣ አላነሳሁም። ደግማ ደወለች፤ እናቷ አንስታ በሹክሹክታ አወሩ። በእኔ ቤት ሹክሹክታ።

ባለቤቴ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «ልጅቷ የዋሸችው ነገር አለ?»

«የለም።»

«የሰደበችህ?»

«አልሰደበችኝም።»

«እንግዲያው ኩርፊያህን ይዘህ ኮሚቴው ፊት ቅረብ። ምናልባት ኩርፊያ የሚይዝ እጅ ነው ብለው ያሳልፉላት ይሆናል።»

ልስቅ ነበር፤ ኮርፌያለሁና ዋጥኩት። እሷ ግን አልተነሳችም። «እኔም እኮ የመጨረሻው ደንበኛ መሄዱን አውቃለሁ» አለች። «ቅዳሜ ቅዳሜ ለባብሰህ ስትወጣ፣ ሥራ እንደሚሄድ ሰው ደህና ዋል እልህ ነበር። ምን ላድርግ?»

ያኔ ነው አንጀቴን የበላችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሸሪኬ ጀርባ ቆሜ በእሱ እጅ ስቆርጥ ኖሬያለሁ። ለእሱ ብዬ አይደለም። እሱ ምንም አይከብደውም፤ እንዲያውም የሚከብደው እኔ ስመጣ ነው። መቀሱን ካስቀመጥኩ ምን እንደሚተርፈኝ አላወቅሁም፤ ፈራሁ። ይኸው ጻፍኩት። ፈራሁ።

ሰኞ 24

በማለዳ ሄድኩ። ልጄ ቀድማኛለች። ይቅርታ ልትለኝ አፏን ስትከፍት «እሰሪው» አልኳት። አሰረችው።

ዓይኔን ጨፍኜ በሐሳቤ ሱቄን ዘጋሁ። እንደ ድሮው፣ አንድ በአንድ። ጨርቁን አራገፍኩ። ወለሉን ጠረግሁ። ወንበሩን ወደ መስታወቱ አዞርኩ። መቀሱን በዘይት ጨርቅ ወልውዬ መሳቢያው ውስጥ አስተኛሁት፣ መሳቢያውን ገፋሁት፣ መብራት አጠፋሁ። የሌሉት ጣቶቼ ባዶ ሆኑ። አመመኝ። ክንዴን አይደለም።

ዓይኔን ስከፍት ስክሪኑ ጸጥ ብሏል። ልጄ ቀረፀችው፣ ደግማ ቀረፀችው፤ ክፈትንም ጨብጥንም እንደ አዲስ። ከሰዓት በኋላ ብርጭቆውን ያዝኩ። ሾፌሩ የትዳሩን ታሪክ ከመተዋወቅ እስከ መፋታት አውርቶ እስኪጨርስ ከእጄ አልወደቀም። ታሪኩ ደግሞ አጭር አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ታርቀዋል።

ረቡዕ 26

ከነገ ወዲያ ኮሚቴው። ዛሬ አንዴ ወደቀ፤ በሐሳብ ስሄድ መቀሱን አንስቼው ነበር። መለስኩት። ሸሚዝ ይተኮስልኝ አልኩ። ባለቤቴ «ሠርግ ነው?» አለች። ከሠርግ ይበልጣል።

ዓርብ 28

የኮሚቴው አባላት አምስት ናቸው። ሰብሳቢው ንግግር የሚወድ ሰው ነው። ፀጉሩን ማን እንደቆረጠው አላውቅም፣ ግን ተበድሏል።

ሾፌሩ ቁልፉን፣ አስተማሪው ጠመኔውን፣ ተማሪዋ የቦርሳዋን ዚፕ አሳዩ። ሁሉም እንደ ሰዓት። እኔ መጨረሻ ነኝ። ሰብሳቢው «የፕላስቲኩ ይቅር፣ እውነተኛ ብርጭቆ አምጡ» አለ። አመጡ። ልጄ ውሃ ሞላችበት። ያዝኩት።

እሱም ንግግሩን ጀመረ። ስለ ዕቅድ ተናገረ፣ ስለ አሠራር ተናገረ፣ ወጣት ሳለ ስላየው አንድ ፋብሪካ ተናገረ። ብርጭቆው እጄ ላይ ነው። መሳቢያው እንደተዘጋ ነው። ሲጨርስ ውሃውን ጠጣሁት። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም።

ከዚያ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አድርጎ «የእኚህ ሰው ውጤት እስከዚህ ሳምንት እጅግ ዝቅተኛ ነበር። ምን ተፈጥሮ ነው?» አለ። በረንዳ ላይ ካወሩት ቴክኒሻኖች አንዱ ጫማውን ማየት ጀመረ።

ልጄ ልትሸፋፍነው ትችል ነበር። ጄል ነው፣ ገመድ ነው ብትል ማን ያውቅባታል? ተነሳች።

«ስህተቱ የእኔ ነው» አለች። «ማሽኑን እረፍት ሳስተምረው ሰውየው እንዴት እንደሚያርፉ አልጠየቅሁም። ፀጉር አስተካካይ ናቸው፤ እጃቸው ሥራ አትፈታም። ከአሁን በኋላ የሚመጣውን ሰው በመጀመሪያ የምጠይቀው ሙያውን ነው። በመጀመሪያ የማየውም የእረፍቱን ምስል ነው።»

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። «ታካሚዎን በደንብ ያውቋቸዋል ማለት ነው።»

«አባቴ ነው» አለች።

ወንበሬ ላይ ዳኛ ተቀምጧል፣ ሹም ተቀምጧል፣ ሀብታም ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ወሬ ሰምቻለሁ። ሳይጠየቅ ስህተቴ ነው ያለ አላጋጠመኝም፤ ተጠይቆም ያለ ጥቂት ነው። ይህቺ ልጅ የእኔ ናት። ኮራሁ። እጁን ባትሠራውም ኖሮ እኮራባት ነበር፤ ሠርታዋለች ደግሞ።

ሥራው ይቀጥላል ተባለ፤ ተጨማሪ ሰዎችም ይገባሉ። እጁንም ይዤ እንድሄድ ተፈቀደልኝ። ኮሪደሩ ላይ ይዤያት ሁሉንም ነገርኳት፤ በቶንዶሱ ጊዜ ሳልነግራት የቀረሁትን ሳይቀር። «አባዬ፣ ሰው እያየን ነው» አለችኝ። ይየን አልኳት።

ቅዳሜ 29

ሱቅ ሄድኩ። ከሸሪኬ ኋላ አልቆምኩም።

«ቁጭ በል» አልኩት፣ ወንበሩን እያሳየሁት።

«እኔ?»

«ሌላ ሰው ይታይሃል?»

ተቀመጠ። ጨርቁን አለበስኩት። ማበጠሪያው በአዲሱ እጅ፣ ቶንዶሱ በግራዬ። ድሮ ከምሠራበት ተገላቢጦሽ ነው። ማበጠሪያ የያዘ እጅ ሥራው ሳይነቃነቅ መያዝ ነው፤ ያንን ደግሞ አሁን ያውቃል። ግራዬ ገና ጥሬ ናት፤ ይሄን ወር ሙሉ ስትጽፍ ባትከርም ኖሮ ቶንዶሱንም ባልደፈረች። ቀስ ብዬ ሠራሁ። ላቤ በአፍንጫዬ ይወርዳል።

«ጋሼ፣ በዚህ በኩል ከፍ አላለም?»

«ብሏል። እኔም አይቼዋለሁ። አንገትህን አታንቀሳቅስ።»

ግማሹ ላይ ስደርስ አንድ የማላውቀው ሰው ገባ። እጄን አየ፣ የሸሪኬን ጭንቅላት አየ፣ ወደ በሩም ዞር ብሎ አየ። ላናግረው ስል ሸሪኬ ቀደመኝ። ከጨርቁ ሥር ሆኖ፣ በመስታወቱ እያየው፣ «ተራ ያዝ ወንድሜ፤ ጋሼ ሰው ይዟል» አለው።

ሰውየው ተቀመጠ።